እህል እንስጥ ወይስ ወሊድ ይመጠን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሰንበቴያችን ለችግረኛ ቤተሰቦች በየወሩ እህል እናዋጣለን። አንድ ወንድማችን «ስንዴ በሰጠን ቁጥር የሚራበው ይበዛል፤ ገንዘቡ ለወሊድ መቆጣጠሪያ ይዋል» ቢል ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ወሊድን መመጠንስ ኃጢአት አይደለም? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ እኅቴ፣ መዋጮው አይቋረጥ። ዛሬ የራበው ሰው ተወልዷል፤ ቀለቡን ብንነሳው የምንጎዳው እሱን ነው። ጌታ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» (ማቴ. 25፥35) ሲል የተራበው ስንት ልጅ እንዳለው ይጠየቅ አላለም።

የወንድማችን ሐሳብ በቁጥርም አይጸናም። መንግሥት ለችግረኛ የገጠር ቤተሰቦች እህልና ገንዘብ የሚሰጥበት የሴፍቲኔት ድጋፍ በ2005 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ በ2000 እ.ኤ.አ. 5.5 የነበረው በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል፤ በድሬዳዋ 3.1 ነበር። እህሉ እየተሰጠ ወሊዱ ቀንሷል ማለት ነው። ልጁ እንደሚያድግለት ያመነ ወላጅ «አንዱ ቢሞት አንዱ ይተርፋል» እያለ አይወልድም።

ይልቅ አሰጣጣችሁን አስተካክሉ። በቤት ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ስፈሩ፤ የሰባት ሰው ቤትና የሁለት ሰው ቤት እኩል ሲወስዱ ትልቁ ቤት ሳምንት ሳይሞላ ባዶ ይቀራል። የተለመደው የእርዳታ መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ስንዴ ብቻ ከሆነ በቀን ከ1,700 ካሎሪ አይዘልም፤ የሚያስፈልገው 2,100 ያህል ነው፤ ስለዚህ ምስሩና ዘይቱ አይቅር። የወፍጮና የባጃጅ ሒሳብም ጨምሩበት፤ እሱን ያጣች እናት ከሰጣችኋት ላይ ቆንጥራ ትሸጣለች። እህሉን አዝመራ ሲገባ በኅዳርና በታኅሣሥ ግዙ፤ የገጠሩ ጎተራ የሚራቆተው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር፤ በከተማችን ሙቀት ነቀዝ ቶሎ ይፈላበታል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ እግሩ ካበጠ ወይም የክንዱ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ስንዴ አይጠብቅም፤ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይድረስ።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ወንድማችን የሚያሳስበው ነገር አለ፤ በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የአባት መሬት ለልጆች ሲሸነሸን ለማንም የማይበቃ ቁራሽ እየሆነ ነው። እናትም ከወለደች በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ብታረግዝ እሷም ሕፃኑም ሊጎዱ ይችላሉ። ፅንስን ማስወረድ ነፍስ መግደል ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ባልና ሚስት ተስማምተው ለጊዜው መታቀባቸውን ግን ሐዋርያው ለጾምና ለጸሎት ፈቅዶታል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)፤ በአጽዋማትም የለመድነው ነው። ቀን ቆጥሮ ልጆችን ማራራቅም ነውር የለበትም። የአበባዋ ዑደት ከ26 እስከ 32 ቀን የሆነች ሴት ደም ያየችበትን ቀን አንድ ብላ ትቆጥርና ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ይታቀባሉ። ዑደቷ ለሚዘበራረቅ ወይም በቅርቡ ለወለደች ይህ አይሠራም። ጡት ማጥባት የሚከላከለው ደግሞ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ሲጠባና አበባዋ ሳይመለስ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይታመንም። አብሽ ውኃ መስጠት የጀመረች እናት ይህን ብዙ ጊዜ አታስተውለውም። ስለ መርፌው፣ ስለ እንክብሉና ክንድ ላይ ስለሚቀበረው ባልና ሚስት አብረው ከንስሐ አባታቸው ጋር ይምከሩ፤ የጤና ባለሙያም ይጠይቁ።

ደግሞም እነዚህ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ፤ የሰንበቴውን ብር ወደዚያ ማዞር አያስፈልግም። አንድ ነገር አደራ፦ እህል በሚሰፈርበት ቦታ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ አይነሳ። ልጆቿ የተራቡባት እናት ጆንያው ፊቷ ተቀምጦ ስትጠየቅ «እሺ» ብትል ከረሃቧ እንጂ ከፈቃዷ አይደለም። ምክሩ በሌላ ቀን፣ ባሏ ባለበት፣ ካርድና ስም ዝርዝር ሳይያዝ ይሁን።