ባዶው ወረቀት ድምፅ ከሰጠ መስታወቱን እይ

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ለምርጫው ሰሞን ተቀጥሮ መጋዘን ውስጥ ድምፅ ቆጣሪ ማሽኖችን ይፈትሻል።

«ጋሼ፣ ከአምስቱ ማሽኖች አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛው ግን ምንም ያልተሞላበትን የሙከራ ወረቀት ድምፅ እንዳለበት አድርጎ ይቆጥረዋል። በትክክል የተሞላውን ደግሞ ከሚፈቀደው በላይ ተመርጧል ብሎ ይመልሳል። ሁሌም በግራ ዓምድ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ 20 ያህል ወረቀት ያለምንም ችግር አሳልፎ ነበር። ባልደረባዬ በሶፍት ጠረገው፣ ይባስ አለ። ለሦስቱም ተወዳዳሪዎች አምስት አምስት ድምፅ ሞልተን ነው የምንፈትሸው። የተበላሸው ፕሮግራሙ ይሆን?»

አይመስለኝም ወንድሜ። ፕሮግራም ቢሆን ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ይሳሳት ነበር እንጂ ሃያውን አሳልፎ በኋላ ሐሳቡን አይቀይርም። እኔ የምጠረጥረው የስካነሩን መስታወት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ወረቀቶቹን ስትሞሉ የተሳሳተውን በማጥፊያ ፍሉድ አርማችሁ ነበር? አዎ እንደምትለኝ እወራረዳለሁ።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ስድስት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ማሽን እጠግን ነበር። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል፣ ገጹ ሁሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር። ማሽኑ ሞተ ይሉኛል። ጣት የማታህል ቆሻሻ ነች። ወረቀቱ ይሄዳል፣ ቆሻሻዋ ግን ካለችበት አትንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ነጥቧ መስመር ትሆናለች። ያንተም ማሽን ያው ነው። ያልደረቀ ፍሉድ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የወረቀት ብናኝና ቀለም ሰብስቧል፣ መስመሩ በግራ ዓምድ ክቦች ውስጥ ሲያልፍ ማሽኑ ሰው ያጠቆራቸው ይመስለዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ያንኑ ባዶ ወረቀት መጀመሪያ በራስጌው አስገባው፣ ከዚያ ፊቱን ሳትገለብጥ በግርጌው። ስህተቱ ወደ ቀኝ ዓምድ ከዞረ ጥፋቱ የመስታወቱ ነው። እዚያው ግራ ዓምድ ላይ ከቀረ ግን እኔ ተሸንፌአለሁ፣ ኅትመቱን ወይም ፕሮግራሙን ፈልግ። በፊቱ ደፍተህም ሞክረው፤ ላይኛውና ታችኛው ገጽ በየራሳቸው መስታወት ስለሚነበቡ የትኛው እንደቆሸሸ ያሳይሃል።

አሁን ዋናው ነገር። ማሽኑ እንዳይነካካ የታሸገበትን ባለ ቁጥር ማኅተም ብቻህን አትቁረጥ። ሁለት ሰው ይቁም፣ የድሮው ማኅተም ቁጥር ይመዝገብ፣ ማን በስንት ሰዓት ለምን እንደከፈተው ይጻፍ። የመክፈት ፈቃድ ከሌለህ ያለውን ሰው ጥራ። አንተ ንጹሕ ልብ ይኖርህ ይሆናል፣ ሳይመዘገብ የተከፈተ ማሽን ግን ነገ ፍርድ ቤት ቢጠየቅ ምን ብለህ ታስረዳለህ? ደግሞ ገመዱን ስለነቀልክ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ባትሪ አላቸው። ከመጥረግህ በፊት በማጥፊያ ቁልፉ አጥፋው።

ሶፍት ያልከው ነገር አናደደኝ። ሶፍት ብናኝ ይጥላል፣ ቅባት ያለው ዓይነት ከሆነማ መስታወቱን ጭጋግ ያለብሰዋል። ከዶላር ሱቅ የሚገዛው እርጥብ መጥረጊያም ያው ነው፤ ሁለት ዶላር ለማዳን የሺዎች ዶላር ማሽን ይበላሻል። ብናኝ የማይጥል ጨርቅ ያዝ፣ መመሪያው የሚፈቅደውን ፈሳሽ (አብዛኛውን ጊዜ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው) ጨርቁ ላይ ጠብ አድርግ፣ ማሽኑ ላይ በቀጥታ አትርጭ። የደረቀውን ፍሉድ በጥፍርህ ወይም በምላጭ አትፋቅ፣ የተጫረ መስታወት ዕድሜ ልኩን መስመር ያወጣል። ፍሉድ የነካቸውን ወረቀቶች በሙሉ አስወግዳችሁ በአዲስ ሙሉ። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ማተሚያ ቤቱ የላከው እውነተኛው ወረቀት ይሁን።

ግን ከመስታወቱ በላይ ያስደነገጠኝ አምስት አምስት ያልከው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሰኝ። ፕሮግራም የሠራው ሰው የአንደኛውንና የሁለተኛውን ተወዳዳሪ ቦታ ቢያቀያይር ውጤቱ ምን ይሆናል? አምስት፣ አምስት፣ አምስት። አንተም ልክ ነው ብለህ ትፈርማለህ! ስለዚህ ለአንዱ 1፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 3 እያልክ ሙላ፤ ማንም ከማንም ጋር እኩል አይሁን። ቦታ ከተቀያየረ 2፣ 1፣ 3 ብሎ ራሱን ያጋልጣል። ተረት አይደለም። በፔንሲልቬኒያ ኖርዝሃምፕተን ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 የሁለት ዳኞች «ይቀጥሉ ወይስ አይቀጥሉ» ጥያቄ ላይ መለያው ተቀያይሮ ነበር። ለሁለቱም «ይቀጥሉ» ያለ መራጭ ምንም አልታየውም። ለሁለቱም «አይቀጥሉ» ያለውም እንደዚሁ። እዚያ መራጩ ስክሪን ላይ ነክቶ ይመርጣል፣ ማሽኑ ምርጫውን በወረቀት ያትምለታል፤ አንዱን አዎ ሌላውን አይ ያለው ሰው ግን ከማሽኑ በወጣው ወረቀት ላይ መልሱ ተገላብጦ አገኘው። የታወቀውም በምርጫው ዕለት ነው። አንዱን አዎ፣ ሌላውን አይ የሚል አንድ የሙከራ ድምፅ ተሰጥቶ፣ የወጣውም ወረቀት ተነቦ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ይያዝ ነበር። ሙከራው ሁሉ ተመሳሳይ ከሆነ ማሽኑን አልፈተሽከውም፣ ሰላም ብለኸው ሄድክ እንጂ። በሙከራ ወረቀቶቹ ጥቅል ውስጥ ባዶ ወረቀት፣ ከሚፈቀደው በላይ የተሞላ ወረቀት፣ በዝርዝሩ የሌለ ሰው ስም በእጅ የተጻፈበትም ይግባ። በፖስታ የሚመጡትን የምትቆጥሩ ከሆነ የታጠፈም ጨምር፣ እጥፋቱ ክቧ ላይ ከወደቀ እንደ ምልክት ሊነበብ ይችላል።

ከጽዳቱ በኋላ ያስቸገሩትን ወረቀቶች ብቻ መልሰህ አስገብተህ «ሠራ» እንዳትለኝ። የማሽኑ ቆጠራ ዜሮ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት አትም፣ ሙሉውን ጥቅል ከአንድ ጀምረህ አስገባ፣ ውጤቱን በእጅ ከቆጠራችሁት ጋር መስመር በመስመር አስተያይ። ከዚያ የሙከራውን ድምፅ አጥፍተህ እንደገና ዜሮውን አትም። በመሃል የምርጫው ወረቀት ወይም ፕሮግራሙ በትንሹም ከተቀየረ አምስቱንም ማሽን እንደ አዲስ ፈትሽ። ሚሺጋን አንትሪም ካውንቲ በ2020 የምርጫው ወረቀት ዘግይቶ ተቀየረ፣ የአንዳንዶቹ ማሽኖች ፕሮግራም ግን አልታደሰም፤ የመጀመሪያው ምሽት ውጤት የተገላበጠው በዚህ ነው። በኋላ ተስተካከለ፣ በእጅ ተቆጥሮም ተረጋገጠ።

ሲያልቅ አዲሱን ማኅተም ሁለታችሁም ባላችሁበት ግጠሙ፣ ቁጥሩን አንዳችሁ አንብቡ ሌላችሁ ጻፉ። ብቻህን አይሆንም ብዬሃለሁ፣ ባልደረባህ ምሳ ሄዶ ከሆነ እስኪመለስ ጠብቅ። በግርጌው አስገብተህ ስህተቱ የት እንደዞረ ጻፍልኝ።