ጥያቄና መልስ፦ ስድስት ሰዓት ተነድቶም የማይሞላው ሳጥን

ጥያቄ፦ በፒክአፕ ከድሬዳዋ ወደ ኤረር ወይም ወደ ባቢሌ እየወጣን ውጭ እናድራለን። ለ45 ዋት የመኪና ፍሪጅ፣ ለመብራትና ለስልክ ብለን በአሮጌ የመኪና ባትሪ ሳጥን ሠርተን ነበር። ከሞተሩ ክፍል በ2.5 የቤት ሽቦ ቀጥታ አገናኘነው። ስድስት ሰዓት ተነድቶም አይሞላም፤ ሌሊት ፍሪጁ ይጠፋል፤ በመጨረሻ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬቱ ቀለጠ። አሁን ሊቲየም ልንገዛ ነው። ስንት አምፒር ይበቃናል?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ከባትሪው በፊት ሽቦው ይቀየር። ከኮፈን ሥር እስከ ኋላ 5 ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ ሲመለስ 10 ሜትር ነው። በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ 20 አምፒር ሲያልፍ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ዲናሞው 13.8 ቢሰጥ ሳጥኑ ጋ የሚደርሰው 12.4 ብቻ ይሆናል። የሞላ የአሲድ ባትሪ ሳይነካ ተቀምጦ 12.7 ገደማ ስለሚያሳይ፣ እናንተ ጋ ኃይሉ ጠብ ጠብ እያለ ነበር የሚገባው። ስድስት ሰዓት ቀርቶ አሥራ ሁለትም ቢነዳ ያው ነው። 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ብትዘረጉ ኪሳራው ወደ 0.22 ቮልት ይወርዳል።

ሊቲየሙን ቀጥታ ከዲናሞው እንዳታገናኙት። ባዶ ሲሆን ዲናሞው ያለውን ሁሉ ይስባል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዲናሞው ማቀዝቀዣም አብሮ ስለሚዘገይ ጥቅልሉ ይቃጠላል። መሐል ላይ 20 አምፒር ዲሲ-ቱ-ዲሲ ቻርጀር (ከዲናሞው የሚመጣውን ለባትሪው በሚስማማ ልክ የሚያሳልፍ መሙያ) ይግባ፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ለሚባለው የሊቲየም ዓይነት ተብሎ ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት የሚሰጠው።

ስለ መጠኑ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ሒሳቡን ይለውጠዋል። ያው ፍሪጅ ሐረር ብርድ ላይ ከቀኑ ሲሶውን ቢሠራ፣ ቆላው ላይ ከግማሽ በላይ ይሠራል። 45 ዋት በ24 ሰዓት፣ ግማሹን ብቻ ብንይዝ 540 ዋት-ሰዓት ነው። መብራትና ስልክ ሲጨመር 650 በሉት። የ100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ 80 በመቶውን ብትጠቀሙ አንድ ቀን ተኩል ይወስዳችኋል። ያው መጠን ያለው የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ 600 ገደማ ስለሆነ አንድ ቀን አይሞላም። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አልተሠራም፤ ሳህኖቹ ስስ ናቸው፣ ደጋግሞ ባዶ ሲሆን ይሞታል። ስለዚህ 100 ይበቃችኋል። ግን በደንገጎ በኩል ሐረር ለመድረስ የሚፈጀው አንድ ሰዓት የሚመልሰው 20 አምፒር-ሰዓት፣ ማለትም ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ፊውዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፊውዝ የሚጠብቀው ባትሪውን ወይም ፍሪጁን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ገመድ የመኪናውን ብረት ከነካ የሚያቆመው የለም። በሳጥኑ ውስጥ ዋናው 60 አምፒር ከ16 ገመድ ጋር ይሁን፤ ከዚያ ለፍሪጁ 10 አምፒር፣ ለመብራት 5፣ ለስልክ መሙያ 5። 300 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ከፈለጋችሁ እስከ 30 አምፒር ስለሚስብ ለብቻው 40 አምፒር ፊውዝና 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይሰጠው። ከፊት ወደ ኋላ የሚመጣው ገመድ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለበት፣ በሁለቱም ጫፍ 40 አምፒር ፊውዝ ያስፈልገዋል። አንዱን ብቻ አድርጎ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

የቀለጠው ሶኬት ፍሪጁ ስለከበደው አይደለም። 45 ዋት 4 አምፒር ገደማ ነው፣ ትንሽ ነው። ነገር ግን መለኮሻው የሚይዘው በስፕሪንግ ብቻ ነው፤ ኮሮኮንች ላይ ይላላል፣ የላላ ግንኙነት ደግሞ ይግላል። መላላቱ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢጨምር 8 ዋት ገደማ ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በዚህ ነው። ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ሶኬት አስገቡ። የገመዱ ጫፍ ላይ የመዳብ ቀለበት በመጭመቂያ ይጠበቅ እንጂ በብየዳ አይያዝ፤ ብየዳው ያለቀበት ቦታ ላይ መንቀጥቀጡ ሽቦውን ይቆርጠዋል። ጠበቅ ካደረጋችሁ በኋላ በኃይል ጎትቱት፤ ከወጣ እዚያው ይውጣ።

ሳጥኑ ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል። ከታች 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ባትሪው በቀበቶ ታስሮ፣ በሁለት ተቃራኒ ጎን ወንፊት የለበሰ መተንፈሻ። ከአሲድ ባትሪ ጋር ከሆነ ቀዳዳው ከላይ ይሁን፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ብልጭታም አይወድም። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጥ መተው፣ ጣሪያ ላይ ወይም ኮፈን ሥር ማሰር ይቅር። ባትሪው ሲግል ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ መሙላቱን ያቆማል፤ ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ሲገጠም ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፣ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይታሰር። ከመጀመሪያው የኮሮኮንች ጉዞ በኋላ ሁሉም ብሎን እንደገና ይጥበቅ።

ጥያቄ፦ «100 አምፒር» ተብሎ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሊቲየም አገኘሁ። እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?
ከሐረር

መልስ፦ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያውጡት። የ100 አምፒር-ሰዓት ባለ 12 ቮልት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል፤ 6 ኪሎ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አይመኑ። ቮልቱን በቴስተር መለካት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ይህ ባትሪ ሊያልቅ እስኪል ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ይቆያል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሞልተው 55 ዋት የመኪና ፋና አምፖል በ10 አምፒር ፊውዝ በኩል ያብሩበት። አምፖሉ 4.5 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ከ20 ሰዓት በላይ መብራት አለበት። በ10 ሰዓት ከጠፋ የያዙት የ50 ባትሪ ነው። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ድንጋይ ወይም ሸክላ ላይ ይቀመጥ፤ ካርቶን አጠገብ አይሁን።