ካርዱ ልክ፣ ሲሚንቶው ጎዶሎ ለሆነብህ ወንድም

ወንድሜ፣ «አዳማ ላይ ጂ ፕላስ 2 እያሠራሁ ነው፣ የስቶር ካርዱ ልክ ነው፣ ሲሚንቶው ግን ሥራ ላይ ያጥራል፣ ካሜራ ልግጠም ወይስ ዘበኛ ልጨምር?» ብለሃል። ሁለቱንም ተው። እኔም እዚሁ ቦኩ አካባቢ ያንተን የመሰለ ሕንፃ አስጨርሻለሁ፤ በሽታው ያው ነው። ዘበኛ የሚጠብቀው በሩን ነው። ዕቃው የሚጠፋው ከስቶር ወጥቶ ካሳማታ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) ውስጥ እስኪገባ ባለው መሃል ነው።

1. ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና 22 (የወጪ ደረሰኝ) ቆርጦ ካርድ ላይ ማስፈር ምዝገባ ነው እንጂ ቁጥጥር አይደለም። ቁጥጥር የወጣውን፣ ሥራው ሊበላ ከሚገባው ጋር በየቀኑ ማስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፒምቦክ (የፕሮጀክት አመራር መመሪያ መጽሐፍ) 6ኛ እትም እንኳ ለዕቃና ለመሣሪያ ብቻ «ኮንትሮል ሪሶርስስ» የሚል ሂደት አለው፤ የታቀደውን ከዋለው ጋር አስተያይ ነው የሚለው። 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው 100 ካሬ ሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) 15 ሜትር ኩብ ነው። ሲ 25 ለሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ከያዝክ 54 ኩንታል፣ 108 ከረጢት ማለት ነው። ትንሽ ብክነት ይኖራል። ፎርማኑ 60 ኩንታል ካለህ ግን 6ቱ የማን ቤት ልስን እንደሆነ ጠይቀው። ባዶ ከረጢት ተቆጥሮ ሳይመለስም አዲስ አይውጣ።

2. አሸዋ ሲራገፍ ሜትር ይዘህ ሲኖው ላይ ውጣ። ዳር ዳሩ ተቆልሎ መሃሉ የጎደጎደ ቢያጆ (የአንድ ጉዞ ጭነት) ሞልቷል። እርጥብ አሸዋ ደግሞ አብጦ ብዙ ይመስላል፣ እንዳትሸወድ።

3. ፌሮ። እዚህ ላይ የገጠመኝን ላውራህ። ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ይዘህ በራሱ አባዝተህ ለ162 ስታካፍል የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ታገኛለህ። ባለ 12 ሚሊ፣ 12 ሜትሩ ቤርጋ (አንድ ሙሉ ዘንግ) 10.66 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ 10ሩ 106 ኪሎ ከምናምን። እኔ ሳይት ላይ ሚዛን ነበረኝና ከመራገፉ በፊት 10 አስመዘንኩ፣ 97 አለ። መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣ ያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት፣ «ፌሮ በርበሬ ነው እንዴ በሚዛን የምትመጣብን? ቆጥረህ አይደል የገዛኸው?» አለኝ። ደረሰኙ 12 ሚሊ ይላል፣ እንግዲያው ሌላ 10 ቤርጋ ሰው ፊት ይመዘን አልኩት። ያኔ ድምፁ ወረደ። ጭነቱን በሙሉ ቀየረልኝ፤ የመኪናውን ኪራይ ግን እስከ ዛሬ አልከፈለኝም፣ ነውረኛ! አብረውኝ ከነበሩት ሁለት አሠሪዎች አንዱ በነጋታው ሚዛን ገዛ።

ከዚያ በኋላ ፌሮ ሠራተኞቹ ፌራዮዎችም ለመዱኝ። መቁረጫ ዝርዝር ሳይሠራ ቤርጋ አይወጣም። 1.20 ሜትር የሆነ ስታፋ (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ከአንድ ቤርጋ 10 ይወጣል፣ ቁራጭ አይተርፈውም። 1.30 ከሆነ 9 ወጥቶ 30 ሳንቲም ይተርፋል፣ እሱንም ማታ ማታ በኪሎ ተረከብ። ያን ጊዜ ቆራሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን በአንተ ሳይት በር እንደሚያልፍ ይገባሃል።

የሶሌታህን ስፋትና ውፍረት እዚሁ ጻፍልኝ፣ ሲሚንቶውን አሰላልሃለሁ። ደረጃውንና ቢሙን ለየብቻ ጻፈው፤ ፎርማኖች ትርፉን የሚደብቁት እዚያ ነው።