ኢንቨርተር ለማስገጠም ላሰበው አዲስ ኦነር ኦፕሬተር

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ለራስህ ትራክ አበቃህ። «2000 ዋት ኢንቨርተር ትራክ ስቶፕ አይቻለሁ፤ ማይክሮዌቭና ትንሽ ስቶቭ ብጠቀምበት ባትሪዬን ይጎዳብኛል ወይ? ሾፕ ላስገጥም ወይስ ራሴ ልግጠመው?» ያልከውን አነበብኩ። ኢንቨርተር ማለት የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ዓይነት 120 ቮልት ኮረንቲ የሚለውጥ ዕቃ ነው። «ላይተሩ (የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት) ላይ ሰካው፣ ይሠራል» ያሉህን አትስማቸው። የላይተሩ ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር ነው። በ12 ቮልት አባዛው፣ 180 ወይም 240 ዋት ይሆናል። ስልክና ላፕቶፕ ይችላል፤ ሽሮ አያፈላም።

1ኛ፦ ከኢንቨርተሩ በፊት ስለ ኬብሉ አስብ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እቤት 1500 ዋት በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ብቻ ስለሆነ ቀጭን ገመድ ይችለዋል። ትራክ ላይ ግን ያንኑ 1500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ስታወጣ 125 አምፔር ነው፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ከ140 ያልፋል። ማይክሮዌቩ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ ቢጻፍም አትታለል፤ እሱ ምግቡ ላይ የሚያርፈው ነው፣ ከመስመሩ የሚስበው 1500 ገደማ ነው። ለ2000 ዋት 2/0 የሚባለውን ወፍራም የመዳብ ኬብል ግዛ፤ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን። አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባ እየሸጡ ስለሆነ «ንጹሕ መዳብ» የሚል ካልተጻፈበት አትውሰድ። ኔጌቲቩም ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ሳይሆን ቀጥታ ባትሪው ላይ ይታሰር።

2ኛ፦ ፊውዝ፣ ፊውዝ፣ ፊውዝ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ክንድ ሳይርቅ መግባት አለበት። ፊውዙ የሚጠብቀው ኬብሉን ነው፣ ኢንቨርተሩ የራሱ መከላከያ አለው። ይህን የምልህ በደረሰብኝ ነገር ነው።

ኢንቨርተሬን ያስገጠምኩት «በዚህ ሥራ የታወቀ ነው» በተባለ ሾፕ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሙሉ ዋጋ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ፊውዙን ስሊፐሩ (መኝታው) ውስጥ ኢንቨርተሩ አጠገብ አስገብተውት፣ ከባትሪው እስከዚያ ያለውን ኬብል ያለ ምንም መከላከያ በፍሬሙ ጠርዝ ላይ አሳልፈውት ነበር። ትራክ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱ የኬብሉን ልባስ ቀስ እያለ በላው። አንድ ሌሊት ነብራስካ ሬስት ኤሪያ ቆሜ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ስወርድ ከደረጃው ሥር ብልጭታ ይታያል። ኢንቨርተሩን አጠፋሁት፣ ምንም ለውጥ የለም! ምክንያቱም ኮረንቲው ኢንቨርተሩ ጋ ሳይደርስ ነው ከባትሪው ወደ ፍሬም የሚፈስሰው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አጠገቤ የቆመ ሱማሌ ሾፌር ቁልፍ ይዞ ሮጠና የባትሪውን ኔጌቲቭ አብረን ፈታነው። ትራኩ ተረፈ፤ ሁለት ባትሪና የጎን ሽቦዎች ሄዱ። ሎዱም (ጭነቱም) ዘገየ፤ ብሮከሩ፣ ጭነቱን የሰጠኝ ደላላ፣ ከክፍያዬ ቀነሰብኝ።

ሾፑ ጋ ስመለስ ካውንተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «ኢንቨርተሩን ያመጣኸው አንተ ነህ፣ ዕቃው ነው ችግሩ» አለኝ። ኢንቨርተሩ ግን እስካሁን ይሠራል! አክሰንቴን ሰምቶ የማላውቅ መስሎታል። አልጮህኩም። የተበላውን ኬብል ፎቶ፣ ደረሰኙንና የኢንቨርተሩን መመሪያ ፊውዝ የት እንደሚገባ ከሚያሳየው ገጽ ጋር አስቀመጥኩለት። ማናጀሩ መጣና የጉልበት ዋጋውን መለሱልኝ። ባትሪዎቹን ግን እስከ ዛሬ አልከፈሉም። ስለዚህ ሾፕ ብታስገጥምም ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ከሥር ግባና በዓይንህ እይ፤ ፎቶ አንሳ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ ነው የሠራሁት፤ የብዙ ወንድሞችንም ገጥሜያለሁ፣ አንዱም አልተመለሰብኝም።

3ኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ባትሪ ነው፤ ጥያቄህም እሱ ነው። አዎ፣ ይጎዳል፣ ካልተጠነቀቅክ። ከፋብሪካ የሚመጡት ባትሪዎች ብዙ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት የተሠሩ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እየተሳበባቸው ለማደር አይደሉም። ማንም የማይነግርህ ደግሞ ይኼ ነው፦ አብዛኛው ኢንቨርተር ራሱን የሚያጠፋው ባትሪው 10.5 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። እዚያ የደረሰ ባትሪ ሞተር አያስነሳም። የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ነው፤ 12.2 ሲሆን ግማሹ አልቋል። ጓደኛዬ ዋዮሚንግ ላይ በጥር ብርድ ፍሪጁን በኢንቨርተር ሰክቶ ተኛ፤ ጠዋት ትራኩ ጭጭ አለ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ባትሪ የማስነሻ ጉልበቱን ግማሽ ገደማ ያጣል። ሮድ ሰርቪስ የጠየቀውን ባልነግርህ ይሻላል። 12.2 ላይ የሚቆርጥ መቁረጫ አስገባ፣ ርካሽ ነው። ለምግብ ሞተሩን አስነሳና አብስል፤ ሩብ ሰዓት ይበቃሃል። ካሊፎርኒያ ግን ተጠንቀቅ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ አይድል ማድረግ (ቆሞ ሞተር ማስነሳት) ክልክል ነው፤ ቅጣቱ ከ300 ዶላር ይጀምራል። እዚያ ስትገባ እየነዳህ ሳለ ሩዙን ራይስ ኩከር ላይ ጥደው፣ ስትቆም በስሎ ይጠብቅሃል። ግን በደንብ እሰረው።

ኢንቨርተሩ «ፒዩር ሳይን» የሚለው ይሁን፤ እንደ ቤት ያለ ንጹሕ ኮረንቲ የሚያወጣው ነው። ርካሹ ላይ ማይክሮዌቩ ያጉረመርማል፣ ምግቡንም በደንብ አያሞቅም። ሁለት ነገር አብረህ አታብራ። እቤት ባለቤቴ ለኖርዌይ ቂጣ የተሠራውን፣ እኛ እንጀራ የምንጋግርበትን 1400 ዋት ምጣድ ጥዳ ልጆቹ በዚያው መስመር ማይክሮዌቭ ሲያበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ትራክ ላይ ግን ብሬከሩ ሳይሆን ባትሪህ ነው የሚወርደው።

ወጪው በዛ ብለህ እንዳትተወው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ከድንች ጥብስ ሌላ ምን አለ? እኔ ሽሮዬንና ምስሬን ትኩስ እየበላሁ ነው የምጾመው፤ ስኳሬም ወርዷል፣ ሐኪሜ ራሱ «ምን አድርገህ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ኬብል ከማዘዝህ በፊት የትራኩን ዓመተ ምሕረት፣ ስንት ባትሪ እንዳለውና የባትሪው ሳጥን በየት በኩል እንደሆነ ጻፍልኝ። ከባትሪው እስከ አልጋው ሥር ያለውን ርቀትም በሜትር ለካልኝ፤ የኬብሉን ልክና የፊውዙን አምፔር አስልቼ እልክልሃለሁ።