ልብስ ዓይቶ መገመት፦ ሦስት ጥያቄዎች ከባሕር ዳር

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ። ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፤ ዛሬም እቀኛለሁ። ተሳፋሪ የኳስ ማሊያዬንና ነጠላ ጫማዬን ዓይቶ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ያስባል፤ ቅኔ እወዳለሁ ስለው ደግሞ «ታዲያ ለምን አልቀሰስክም?» ይለኛል። የትኛውን ልደብቅ?

መልስ፦ አንዱንም አይደብቁ። ተሳፋሪው ከፔዳ ግቢ ተነሥቶ ፖሊ ግቢ እስኪደርስ ስለ እርስዎ የሚያገኘው ፍንጭ አንድ ወይም ሁለት ስለሆነ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ የአንድን ሰው ጠባያት ለሁለት ቡድኖች ዘርዝሮ «ሞቅ ያለ» የሚለውን ብቻ ለአንደኛው ቡድን በ«ቀዝቃዛ» ቢለውጠው፣ ሁለቱ ቡድኖች በአእምሯቸው የሳሉት ሰው በእጅጉ ተለያየ። በጎጃም ምድር «ቅኔ» የሚለውም ቃል ብቻውን ሲነገር ጥምጥምና መቋሚያ አስከትሎ ይመጣል። ስለዚህ «ቅኔ እወዳለሁ» ከሚሉ ይልቅ «አንድ ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ቤት ቅኔ) ጀምሬ ሁለተኛው ቤት አልመጣ አለኝ» ቢሉ፣ ተሳፋሪው መገመቱን ትቶ መጠየቅ ይጀምራል። ማሊያውንም አያውልቁ፤ ባለቅኔ ኳስ አይወድም ያለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጣና ላይ እምቦጭን ለመከታተል ለወጣ ሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ፣ ረጅም ቀሚስና ሻሽ ለብሼ ስላዩኝ «ጀልባው ይከብድሻል» አሉኝ። «ተፈጥሮ እወዳለሁ» ብዬ መለስኩ፤ አልተቀበሉኝም።

መልስ፦ ቀሚስ ዓይቶ ስለ መዋኘት ችሎታ የሚፈርድ ፈታኝ ወቀሳ ይገባዋል። ይሁንና ተፈጥሮ መውደድን ሁሉም አመልካች ስለሚለው፣ መልስዎ ከጥርጣሬያቸው ጋር አልተገናኘም። በሚቀጥለው ጊዜ ዋና ይችሉ እንደሆነ፣ በጀልባ የት ድረስ እንደሄዱ፣ ለመስክ ምን እንደሚለብሱ ሳይጠየቁ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ነፋስ ሲበረታ ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ብከናነብ፣ ጎረቤቶቼ «ማን ሞተ?» ብለው ደነገጡ። ይህስ በልብስ መፍረድ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ከማሊያውና ከቀሚሱ የተነሣው ግምት የተመልካቹ ፈጠራ ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ የሆነ ነጠላ ግን ሐዘን መሆኑን ሁላችን የተስማማንበት ምልክት ስለሆነ ጎረቤቶችዎ በትክክል አንብበዋል። ለነፋሱ ሻርፕ ይያዙ፤ ለደነገጡት ደግሞ ደኅና መሆንዎን ዛሬውኑ ይንገሯቸው፣ ለልቅሶ መምጣታቸው አይቀርምና።