ምርጡ ለድስት፣ ትራፊው ለዘር

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን አካባቢ)፦ «የጓሮዬ የሐበሻ ጎመን እንደ ድሮው አልሆነም። ቅጠሉ ሳይሰፋ አገዳ አውጥቶ ያብባል። በአጥር ማዶ ያለው የጎረቤቴ ጎመን ደኅና ነው። ዘሩን ሰባት ዓመት ሙሉ ራሴ ነኝ የማስቀረው። ዶሮዎቼም አይሞቱም እንጂ ሰውነታቸው ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ። ለፋሲካ ትልቁን አውራ ዶሮ ሸጬ ለልጆቹ ልብስ ገዛሁበት። ምን ማዳበሪያ፣ ምን መድኃኒት ልግዛ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ጎመን መሬቱ ሲከሳበት ወይም ውኃ ሲጠማው ያለ ጊዜው ሊያብብ ይችላል፤ ነገር ግን አፈሩም ዝናቡም ከጎረቤትዎ ጋር አንድ ነው። ዶሮ ፈጁ በሽታ ፈንግል ገብቶ ቢሆን ኖሮም የሚጽፉልኝ ስለ ባዶ ቆጥ ነበር። እኔን የያዘኝ እግረ መንገድዎን የጠቀሷቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዘሩን የሚያስቀሩት ራስዎ ነዎት፤ ትልቁን አውራ ዶሮም ሸጠውታል።

እስቲ ልገምት። ፍልሰታ ሲገባ ሰፊ ቅጠል ያለው ጎመን ሁሉ ተቀንጥሶ ራቁቱን ይቀራል። ቀጫጫውን ማንም አይነካውም፤ ስለዚህ ቀድሞ ያብባል፣ ቀድሞ ዘር ይቋጥራል። እርስዎም «ይኸው ደረሰ» ብለው ከእርሱ ያራግፋሉ። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲደረግ ቶሎ የሚያብብ ዘር በገዛ እጅዎ መረጡ ማለት ነው። ጎመኑ አልታመመም።

በዚህ ነገር ትንሽ ልቆጣ፤ የእርስዎ ብቻ ጥፋት አይደለምና። በዓል በመጣ ቁጥር ደልዳላው ገብስማ ገበያ ይወጣል፤ ገዢ ያጣው ኮሳሳ ደግሞ ለሴቶቹ ባል ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ጫጩቱ አነሰ ብለን መድኃኒት ፍለጋ እንዞራለን።

መፍትሔው ቀይ ክር ነው። ዛሬውኑ ጎመኑ መካከል ይግቡና ቅጠላቸው የሰፋ፣ አገዳ ለማውጣት ያልቸኮሉ ከ15 እስከ 20 ተክሎች መርጠው ክር ይሰሩባቸው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ አይምረጡ፤ ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ክር ያለበትን ልጆችም እንዳይቀነጥሱት ይንገሯቸው፤ ካስፈለገ ከታች አንድ ሁለት ቅጠል ይበቃል። ቸኩሎ አገዳ ያወጣውን ግን አበባው ሳይፈነዳ ነቅለው ወጥ ይሥሩበት። አበባው ከፈነዳ ንብ ዱቄቱን ወደ ምርጦቹ ታደርሰዋለች፤ ልፋትዎም ግማሹ ከንቱ ይሆናል።

ዘሩን ያቀፉት ቀጫጭን ከረጢቶች ቢጫ ሲሆኑ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ ይጨዱ። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ሲነኩት ይፈነዳና ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል፤ ለቃሚዎቹ ደግሞ ዶሮዎችዎ ናቸው። በጥላ፣ በጨርቅ ላይ በደንብ አድርቀው ክዳን ባለው ጠርሙስ ያስቀምጡ። ከታች በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ፣ የቀዘቀዘ አመድ ቢገባበት እርጥበቱን ይመጥለታል። በፌስታል ቋጥሮ ከምድጃ በላይ ማንጠልጠሉ ይቅር፤ ያልደረቀ ዘር እዚያ ይታፈናል፣ ሙቀቱም የመብቀል ኃይሉን ይገድለዋል። ለውጡ በአንድ ክረምት አይታይም፤ ክሩን በየዓመቱ ያስሩ።

ለዶሮዎቹም ያው ክር ነው። እኩል ከተፈለፈሉት መካከል ፈጥኖ ያደገውን ኮርማ ገና በልጅነቱ ምልክት ያድርጉበት፤ እግሩ ላይ ካሰሩም ላላ ይበል፣ ሲያድግ እንዳይቆርጠው። ለአሥር ሴቶች አንድ ይበቃል። ሌሎቹን በበዓል ይሽጡ፣ ማንም አይከለክልዎትም። አሁን በእጅዎ ደህና አውራ ከሌለ ራቅ ካለ ጎረቤት ጋር ይለዋወጡ፤ ከራሱ ሴት ልጆች ጋር ከሚዳቀል አውራ የተሻለ ነው። ከእንቁጣጣሽ ገበያ ግን አይግዙ፤ በዚያ ወቅት ፈንግል ከዶሮው ጋር አብሮ ይሸጣል። የግድ ከገዙም ሁለት ሳምንት ለብቻው፣ ውኃውንም ለብቻው ያድርጉለት።