ፋሽስት፣ ፋሺስት፣ ፋሽሽት፦ ከፋሱ እስከ ዛቢያው

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ አንዱ «ፋሽስት»፣ ሌላው «ፋሺስት»፣ አንድ ልጅ ደግሞ «ፋሽሽት» ብለው ጽፈዋል። የቱን ልቀበል? «ፋሺዝም»ንስ በአማርኛ ምን እንበለው? አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ቃሉ ከኛው «ፋስ» የመጣ ነው ብሎ ይከራከረኛል።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

የባልደረባዎን ሐሳብ ከሌሎችም ሰምቼዋለሁ። ፋስ መጥረቢያ ነው፤ የፋሺስቶቹ ዓርማ ላይም መጥረቢያ አለ፤ ታዲያ ምን ቀረ ይላሉ። የቀረው ሥሩ ነው። የኛ ፋስ የዐረብኛው «ፈእስ» ዘመድ ነው። የነሱ ግን ከላቲኑ «ፋስኪስ» ይወርዳል፤ ትርጉሙም እስር፣ ነዶ ማለት ነው። በጥንቷ ሮም የሹም አጃቢዎች በጠፍር የታሰረ በትር ተሸክመው ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። በትሩ መግረፊያ፣ መሃሉ ላይ የተሻጠው መጥረቢያ አንገት መቁረጫ። ከተማይቱ ውስጥ ግን መጥረቢያውን ያወጡት ነበር፤ ዜጋው ይግባኝ የማለት መብት ነበረውና። እንግዲህ መጥረቢያው ገቢ ወጪ ነው። ስሙን የሰጠው እስሩ ነው።

ይህ ቃል ጣልያንኛ ሲገባ «ፋሾ» ሆነ። መጀመሪያ ክፉ ቃል አልነበረም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በምንልበት መንፈስ፣ ማኅበር ማለት ነበር። በ1890ዎቹ (ዓመቶቹን የማስቀምጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የሲሲሊ ገበሬዎችና ሠራተኞች ማኅበራቸውን ፋሾ ይሉት ነበር። ሙሶሊኒ በማርች 1919 ሚላኖ ላይ የራሱን ፋሾ ሲመሠርት ያንን የድሃ ቃል ነው የወሰደው። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ቃሉም ለባለቤቶቹ አልተመለሰም።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። እኔ «ፋሺስት» ባይ ነኝ። ጣልያኖቹ «ፋሺስታ» ሲሉ «ሺ» ቁልጭ ብላ ትሰማለች። ግን ልናዘዝ፤ በአማርኛ ሽ፣ ጅ፣ ች ላይ ያለው ሳድስ ወደ ሣልስ ይሳባል። «ሽህ» ብለው ይጻፉ «ሺህ»፣ አፍ ላይ ያው ነው። ክርክሩ የእጅ እንጂ የአፍ አይደለም። በእጅ ደግሞ «ፋሽስት» ብሎ የሚጽፈው ስፍር ቁጥር የለውም። ደስ ባይለኝም ስህተት ልለው አልችልም።

«ፋሺዝም»ን «ፋሺስትነት» ብንለው እወድ ነበር። «-ነት» ጎበዝ ቅጥያ ናት። ጦር ላይ ተቀጥላ ጦርነትን የሰጠችን እሷ ናት። ተቃዋሚዎቼ ግን አንድ የማልወደው ጥሩ ነጥብ አላቸው። ፋሺስትነት የሰውየው ጠባይ ነው፤ ፋሺዝም ሥርዓቱ። «ፋሺስትነት በ1922 ሥልጣን ያዘ» ብዬ ለራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አልሄደልኝም። ይሁን፣ ፋሺዝም ይባል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን፣ የጣልያንና የጃፓን ጎራ የተጠራባት «አክሲስ» የምትለዋ ቃል ከየት መጣች? በኦክቶበር 1935 የጣልያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ዘይትን ግን ከማዕቀቡ ውጭ ተወው። ታንክ በምን እንደሚሄድ ጠፍቷቸው አይደለም። ሂትለር ያንን ግርግር ተጠቅሞ በማርች 1936 ጦሩን ራይንላንድ አስገባ፤ የነካው የለም። በሜይ አዲስ አበባ ተያዘች። በኖቬምበር 1 ሙሶሊኒ እዚያችው ሚላኖ ላይ ቆሞ፣ ከሮም በርሊን የተዘረጋው መስመር «አሴ» ነው አለ፤ ሌላው አውሮፓ የሚዞርበት ማለቱ ነው። እኛ ይህንን «አክሲስ» ብለን እንዳለ ተሸከምነው። ለምን? የምድርን ስንጠራ «ዛቢያ» እንል የለ? ዛቢያ ደግሞ የመጥረቢያ እጀታ ነው! በ1919 እስሩ ታሰረ፣ በ1936 ዛቢያው ገባለት፣ በሴፕቴምበር 1939 ፖላንድ ላይ አረፈ። «የዛቢያ ኃይሎች» ብዬ ስጽፍ አራሚዎች ሁሌም ወደ አክሲስ ይመልሱብኛል። እኔም እመልሰዋለሁ።

አዎ፣ ባልደረባዎን በፋስ ገሥጬ እኔው በዛቢያ ስጫወት ተያዝኩ። ግን እኔ ሥሩ አንድ ነው አልወጣኝም።

ፈተናው ላይ ፋሽስትም ፋሺስትም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። «ፋሽሽት» ያለው ልጅ ጆሮው ደኅና ነው፤ ጣልያኖቹ ሽን አጥብቀው ነው የሚሉት። «ስ»ን ግን ውጧታል። ግማሽ ይስጡት።